የአደን ቦርሳ እንዴት ይመረጣል? ከሊትሩ በፊት ሥጋውን አስቡ

ኤልክ ከአጋዘን ወገን የሆነ ግዙፍ እንስሳ ነው። በአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት የኤልክ የቀስት አደን ሴፕቴምበር 2 ይከፈታል። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 27 መሆኑ ነው። እንቁጣጣሽንና መስቀልን አልፎ ሴፕቴምበር 30 ያበቃል። የጠመንጃው ወቅት ደግሞ ከኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ በየተራ ይከተላል። ብዙ ሀበሻ የሚኖርባቸው ዴንቨርና ኦሮራ ከእነዚህ ተራሮች የሚርቁት የጥቂት ሰዓት መንገድ ነው። ፈቃድ አውጥቶ፣ የአዳኝነት ኮርሱን ወስዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወጣ ያሰበ ሰው ታዲያ አንድ ጥያቄ ላይ ይቆማል። ምን ዓይነት ቦርሳ ልግዛ?

ሱቅ ውስጥ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ ስለ ሊትር ነው። ለአንድ ቀን ይህን ያህል ሊትር፣ ለአምስት ቀን ያን ያህል። ሊትሩ መታወቁ አይቀርም። መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን ሌላ ነገር ነው። የአደን ቦርሳ ዋናው ፈተና የሚመጣው እንስሳው ከወደቀ በኋላ፣ ወደ መኪና ስትመለሱ ነው። እዚያ ላይ ቦርሳው ካልቻለ ጉልበታችሁም፣ ሥጋውም ይበላሻል።

## ኤልክ ምን ያህል ይከብዳል?

ኤልክ ከአጋዘን ወገን የሆነ ግዙፍ እንስሳ ነው። በኮሎራዶ ከ250,000 በላይ ኤልክ ይኖራል። ይህን ያህል ያለው ሌላ የአሜሪካ ግዛት የለም። ወንዱ በቁሙ ወደ 315 ኪሎ፣ ሴቷ ወደ 225 ኪሎ ይመዝናሉ። የአንድ ወንድ ኤልክ የኋላ ታፋ ከነአጥንቱ 25 ኪሎን በቀላሉ ያልፋል። አጥንቱ ወጥቶ ሥጋው ብቻ ሲቀር፣ ደህና ካደገ ወንድ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሥጋ ይገኛል።

ይህን ማውጣት በፍላጎት የሚወሰን ጉዳይ አይደለም። የኮሎራዶ ሕግ የሚበላ ሥጋ ጥሎ መሄድን ይከለክላል። ቢያንስ ሁለቱ ታፋ፣ ሁለቱ ወርች፣ ሽንጡና ፍሌቶው መውጣት አለባቸው። ቀንዱን ብቻ ቆርጦ መሄድ ከባድ ቅጣት ያስከትላል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ፣ ያን የሚያህል እንስሳ ገድሎ ሥጋውን ጫካ ውስጥ ማበስበስ ነውር ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። 90 ኪሎ ሥጋ አለ እንበል። ጠንካራ ሰው በአንድ ጉዞ 30 ኪሎ ቢሸከም ሦስት ጉዞ ይሆናል። ድንኳኑና ሌላው ዕቃ ሲጨመር አራት። መኪናው የቆመው 5 ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ፣ አራት ጊዜ ተጭናችሁ ትወጣላችሁ፤ ሦስት ጊዜ ባዶ ቦርሳ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ሲደመር 35 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ውስጥ 20 ኪሎ ሜትሩ ከሸክም ጋር ነው። መንገዱ ደግሞ አስፋልት አይደለም። የወደቀ ግንድ፣ የሚንሸራተት ድንጋይ፣ ቁልቁለትና ዳገት ነው። በመስከረም ኤልክ የሚገኝበት ከፍታ ብዙ ጊዜ ከ2,700 እስከ 3,600 ሜትር ይደርሳል። ዴንቨር ራሷ 1,600 ሜትር ላይ ናት።

ብቻውን ሊሄድ ላሰበ ሰው ይህ ስሌት ከቦርሳም በላይ ይናገራል። ከመኪናው ምን ያህል መራቅ እንዳለበትም ይነግረዋል። ሁለት ጓደኛ ይዞ የሚሄድ ሰው ሥጋውን በአንድ ዙር ሊያወጣው ይችላል።

## በጋሪ ወይም በሞተር ማውጣት አይቻልም?

አንዳንድ ቦታ ይቻላል። ግን ጥሩ ጥሩ የሚባሉት የኤልክ ቦታዎች ብዙዎቹ "ዊልደርነስ" በሚባል ጥበቃ ሥር ናቸው። ዊልደርነስ ማለት እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት መንገድና ግንባታ እንዳይገባበት የተከለለ የመንግሥት መሬት ነው። የኮሎራዶው ፍላት ቶፕስ አንዱ ነው። በግዛቱ ትልቁ የሆነው ዌሚኑች ሌላው ነው። እዚያ ውስጥ ሞተር ክልክል ነው። ብስክሌትም ክልክል ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ባለ ጎማ የሥጋ ጋሪም እንደማይፈቀድ ነው።

የሚቀረው ወይ የሰው ጀርባ ነው፣ ወይ የጋማ ከብት። በግዛቱ ተመዝግበው በፈረስና በበቅሎ ሥጋ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ዋጋቸው ቀላል አይደለም፤ አስቀድሞም መነጋገር ያስፈልጋል። አቅሙ ካለ ግን የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሙቀት ባለበት በሴፕቴምበር ሥጋን ከማዳን የሚበልጥ ጉዳይ የለም።

## ፍሬም ምንድን ነው? ለምንስ ይህን ያህል ይወራለታል?

ፍሬም የቦርሳው አጥንት ነው። ከአሉሚኒየም፣ ከካርቦን ፋይበር ወይም ከጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራል። ሥራው ክብደቱን ከትከሻ ላይ አንሥቶ ወደ ዳሌ ማውረድ ነው። ፍሬም የሌለው ቦርሳ ሲከብድ በራሱ ላይ ይጎብጣል። ያኔ ሸክሙ ሁሉ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል።

በቅሎ ሲጭን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በቅሎዋን የሚጎዳት የጭነቱ ክብደት ብቻ አይደለም። ላልቶ የታሰረ፣ ወዲያና ወዲህ የሚል፣ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ጭነት ነው ገጣባ የሚያወጣባት። ያው ኪሎ ተስተካክሎና ጠብቆ ሲጫን ቀኑን ሙሉ ትሄድበታለች። የሰውም ጀርባ እንዲሁ ነው። 30 ኪሎ ሥጋ ከጀርባ ጋር ተጣብቆ ሲቀመጥና ለስላሳ ከረጢት ውስጥ ሲወዛወዝ የተለያየ ሸክም ነው።

የፍሬም ነገር የትናንት ግኝት አይደለም። ዲክ ኬልቲ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1952 ካሊፎርኒያ ውስጥ የአሉሚኒየም ፍሬም ያላቸውን ቦርሳዎች እየሠራ መሸጥ ጀመረ። የዳሌ ቀበቶ ሲታከልበት ሸክም ከትከሻ ወደ ዳሌ ወረደ። የዛሬዎቹ የአደን ቦርሳዎችም የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው። ጨርቁና ማሰሪያው ግን በጣም ተሻሽሏል።

ፍሬሙ ሁለት ዓይነት ነው። የውጭ ፍሬም ከቦርሳው ውጪ የሚታይ ነው፤ ቦርሳውን አውልቆ ሥጋውን በቀጥታ በላዩ ማሰር ይቻላል። የውስጥ ፍሬም ጨርቁ ውስጥ የተደበቀ ነው። ከሰውነት ጋር ይጠጋል፣ ቁጥቋጦ አይዘውም። አሁን የሚሸጡት ጠንካራ የአደን ቦርሳዎች አብዛኞቹ በሁለቱ መካከል ናቸው። ፍሬሙ ጀርባ ላይ ይለጠፋል፤ ቦርሳው ግን ከፍሬሙ ሊላቀቅ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በእግር ለመጓዝ የሚያገለግሉ ቀላል ቦርሳዎች አሉ። ራሳቸው 1 ኪሎ አካባቢ ይመዝናሉ። ለተራራ ጉዞ ግሩም ናቸው። ግን የተሠሩት ለ15 ኪሎ ገደማ ጭነት ነው። የኤልክ ታፋ ሲገባባቸው ማንገቻው ይለጠጣል፣ ስፌቱ ይተረተራል። የአደን ቦርሳ ባዶውን ከ2 እስከ 3.5 ኪሎ ቢመዝን አትደንግጡ። ያ ትርፍ ክብደት ፍሬሙና ቀበቶው ነው።

## ሥጋው የት ነው የሚገባው?

ቦርሳው ውስጥ አይደለም። ለብዙ ጀማሪ አዲስ የሚሆነው ይህ ነው።

ጥሩ የአደን ቦርሳ በፍሬሙና በከረጢቱ መካከል የሚከፈት ቦታ አለው። ማሰሪያዎቹ ሲላሉ ከረጢቱ ከፍሬሙ ይርቃል። ሥጋው በመካከል ይገባል። ከሥር የሚደግፈው ጠንካራ ጨርቅ አለ። ከዚያ ማሰሪያዎቹ እንደገና ጠብቀው ሁሉንም በአንድነት ይይዛሉ። እንዲህ ሲሆን ከባዱ ነገር ጀርባ ላይ ይጠጋል፤ ድንኳንና ልብስ የያዘው ቀላሉ ከረጢት ወደ ውጭ ይወጣል። ጭነቱ ወደ ኋላ አይጎትታችሁም። የመኝታ ከረጢታችሁም በደም አይበከልም።

የሥጋው ቦታ ከፍታም ወሳኝ ነው። ወደ ታች ከወረደ መቀመጫችሁን እየመታ ወደ ኋላ ይስባችኋል። በጣም ከፍ ካለ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ሚዛን ያሳጣል። ከትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት እስከ ጀርባ መሐል ያለው ቦታ ጥሩ ነው።

ሥጋው በፕላስቲክ ከረጢት አይታሰር። ፕላስቲክ ሙቀት ያፍናል፣ ሥጋውም ቶሎ ይበላሻል። አየር የሚያስገባ፣ ዝንብ የማያስገባ የጨርቅ ከረጢት ለዚህ ይሸጣል። እነዚህ ከረጢቶች ቀላል ናቸውና ለቀን አደን ስትወጡም ከቦርሳችሁ አይውጡ። መጀመሪያ ቆዳውን ገፍፎ፣ ሥጋውን ጥላ ውስጥ ሰቅሎ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ መሸከም ነው። አጥንቱን የሚያወጣ ሰው ክብደት ይቀንስለታል። ነገር ግን የኮሎራዶ ሕግ የእንስሳው ጾታ የሚታወቅበት ክፍል ከሥጋው ጋር ተያይዞ እንዲቀር ያዝዛል። ስለዚህ ቢላ ከማንሳት በፊት የዓመቱን የአደን መመሪያ ማንበብ ያስፈልጋል።

## ቦርሳው ለእኔ ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በቁመታችሁ አይደለም። ረጅም ሰው አጭር ጀርባ ሊኖረው ይችላል፤ አጭር ሰውም ረጅም ጀርባ። የሚለካው ጀርባ ነው።

አገጫችሁን ወደ ደረት ዝቅ አድርጉ። አንገታችሁ ከትከሻ ጋር በሚገናኝበት ላይ ጎላ ብሎ የሚወጣ አጥንት አለ። መለኪያው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያ እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ የዳሌ አጥንታችሁን ጫፍ ፈልጉ። አውራ ጣቶቻችሁ ወደ ኋላ ይጠቁሙ። በሁለቱ አውራ ጣቶች መካከል ያለው መስመር የመለኪያው መጨረሻ ነው። ሌላ ሰው በሜትር ገመድ ቢለካላችሁ ይቀላል። የአብዛኛው አዋቂ ሰው ልክ ከ40 እስከ 55 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ጥሩ ቦርሳዎች የትከሻው ማንገቻ ወደ ላይና ወደ ታች ይስተካከላል። የማይስተካከል ከሆነ በየቁጥሩ ይሸጣል።

ቀጥሎ የዳሌ ቀበቶው ነው። እኔ ገንዘብ ከማወጣበት ነገር ሁሉ አስቀድሜ የማየው ይህን ነው። ቀበቶው የሚቀመጠው ሆድ ላይ አይደለም። የዳሌውን አጥንት ጫፍ ከላይና ከታች አቅፎ ነው መቀመጥ ያለበት። ዘለበቱ ተቆልፎ ሲጠብቅ አብዛኛው ክብደት እዚያ ላይ ያርፋል። የቀበቶው ሁለት ትራሶች ከፊት መነካካት የለባቸውም። በመካከላቸው ጥቂት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ከተነካኩ ሌላ የሚጠብቅበት ቦታ የለም። ሰው ደግሞ በሳምንት አደን ውስጥ መክሳቱ አይቀርም። የሴቶች የዳሌ ቅርጽ ስለሚለይ ለሴት የተሠራ ቀበቶ ያላቸው ቦርሳዎች አሉ። ሴት አዳኞች የወንዱን እንዲለምዱት መገደድ የለባቸውም።

ከትከሻ በላይ፣ ከማንገቻው ወደ ፍሬሙ ጫፍ የምትወጣ አንዲት ቀጭን ማሰሪያ ታያላችሁ። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ስትጠብቅ ግን የቦርሳውን አናት ወደ ሰውነት ትስባለች፣ ከትከሻም ላይ ክብደት ታነሣለች። ይህ እንዲሆን ፍሬሙ ከትከሻችሁ ከፍ ማለት አለበት። ማሰሪያዋ ከትከሻ ወደ ላይ በ45 ዲግሪ ገደማ ስትወጣ በደንብ ትሠራለች። አግድም ከተኛች ወይም ወደ ታች ከወረደች ፍሬሙ አጥሯችኋል ማለት ነው።

የአለባበሱ ቅደም ተከተልም አለው። ማሰሪያዎቹን ሁሉ አላሉ። ቦርሳውን ልበሱ። መጀመሪያ የዳሌው ቀበቶ፣ ቀጥሎ የትከሻ ማንገቻ፣ ከዚያ ከላይ ያለችው ማሰሪያ፣ በመጨረሻ የደረቷ። ብዙ ሰው ትከሻውን አስቀድሞ ያጠብቅና ቀበቶውን ለይስሙላ ይቆልፈዋል። ማታ ላይ ትከሻው የሚደነዝዘው ለዚህ ነው።

## ስንት ሊትር ይበቃል?

አሁን ወደ ሊትሩ እንምጣ። በአሜሪካ የአደን ቦርሳ መጠን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በኩብ ኢንች ነው። አንድ ሊትር 61 ኩብ ኢንች ነው። 2,000 የሚል ካያችሁ ወደ 33 ሊትር፣ 4,800 የሚል ካያችሁ ወደ 79 ሊትር፣ 6,000 ደግሞ ወደ 98 ሊትር ነው።

ለአንድ ቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ይበቃል። ሁለትና ሦስት ሌሊት ለሚያድር ከ50 እስከ 70፤ ከዚያ በላይ ለሚቆይ ከ70 እስከ 100። ይህ ጥብቅ ሕግ አይደለም። ሴፕቴምበር ላይ የበቃ ቦርሳ ኖቬምበር ላይ ይጠባል። ወፍራም ጃኬትና የብርድ የመኝታ ከረጢት ቦታ ይበላሉ።

ለአምስት ቀን የሚገባ ሰው ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ምንጣፍ፣ ምድጃ፣ ልብስ፣ የሩቅ ማያ መነጽርና ምግብ ይይዛል። ውሃ በሊትር አንድ ኪሎ ነው። ምግብ በቀን ከ700 እስከ 900 ግራም ይሆናል። ሲደመር ከ20 እስከ 25 ኪሎ መድረሱ የተለመደ ነው።

በምግቡ ላይ እኛ ዕድለኞች ነን። አሜሪካኖቹ ውድ የታሸገ ደረቅ ምግብ ይገዛሉ። እኛ ጋ በሶ አለ፣ ጭኮ አለ፣ ቆሎ አለ፣ ቋንጣ አለ፣ ድርቆሽ አለ። ጭኮ በቅቤ የታሸ ስለሆነ በትንሽ ቦታ ብዙ ጉልበት ይይዛል። በሶ እሳት አይፈልግም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃዋል። መንገደኛ ስንቁን በአገልግል ይዞ አገር ለአገር የዞረበት ጥበብ የተራራ ቦርሳ ውስጥም ይሠራል። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ። ኮሎራዶ ውስጥ ጥቁር ድብ አለ። ምግባችሁም ሥጋችሁም ከምትተኙበት ርቆ ይቀመጥ።

ትልቅ ቦርሳ መግዛት የራሱ ፈተና አለው። ባዶ ቦታ ካለ ሰው ይሞላዋል። ስለዚህ ቦርሳው ሲጎድል ተጨምቆ የሚያንስ መሆኑን እዩ። በጎንና በፊት ያሉት ማጥበቂያዎች 90 ሊትሩን ወደ ቀጭን የቀን ቦርሳ መቀየር ከቻሉ ሁለት ቦርሳ አያስፈልጋችሁም።

## ለቀን አደን ትንሿ ቦርሳ አትበቃም?

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። አንዳንዱ ትንሽ ቦርሳ ይዞ ይወጣል፤ እንስሳ ከጣለ መኪናው ድረስ ተመልሶ ፍሬሙን ያመጣል። ሌላው ከጠዋት ጀምሮ ፍሬሙን ይዞ ይወጣል።

ከመንገድ ሳትርቁ፣ አንድ ቦታ ተቀምጣችሁ የምትጠብቁ ከሆነ የመጀመሪያው ጥሩ ነው። ትንሽ ቦርሳ አይከብድም፣ ድምፅ አያሰማም። ከመኪናው ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር ከራቃችሁ ግን ፍሬሙን ይዛችሁ ብትወጡ ይሻላል ባይ ነኝ። እንስሳው የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ሲመሽ ነው። በጨለማ ባዶ እጅ ወጥቶ እንደገና መመለስ ጊዜንም ጉልበትንም ይበላል። ፍሬም ካለ የመጀመሪያው ሸክም አብሯችሁ ይወጣል።

ቦርሳዋ ትንሽም ሆነች ትልቅ፣ ለቀን ስትወጡ ሌሊት ሊያሳድሯችሁ የሚችሉ ነገሮች ውስጧ ይኑሩ። የግንባር መብራት ከትርፍ ባትሪ ጋር፣ እሳት ማቀጣጠያ፣ የዝናብ ጃኬት፣ ሙቀት የሚይዝ ቀጭን ብርድ ልብስ፣ ካርታና ኮምፓስ፣ የውሃ ማጣሪያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃ። ስለታም ቢላ የምትይዙ ሰዎች ናችሁና ደም ማቆሚያ ማሰሪያ ጨምሩ። ስልክ በማይሠራበት ቦታ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ደግሞ ለብቻው ለሚሄድ ሰው ቅንጦት አይደለም።

## ቦርሳና ደማቅ ቀለም ምን አገናኛቸው?

ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው። በኮሎራዶ በጠመንጃ ወቅት ኤልክ የሚያድን ሰው ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ መልበስ አለበት። ወደ 3,200 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ኮፍያውም ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይ መሆን አለበት። ቀለሙ ድፍን ይሁን። ዝንጉርጉር የአደን ልብስ አይቆጠርም።

ችግሩ ምንድን ነው? ቦርሳው ሲለበስ የጃኬቱን ጀርባ ይሸፍነዋል። ከኋላ የሚያያችሁ ሰው የሚታየው ቡናማ ወይም አረንጓዴ ቦርሳ ብቻ ነው። ስለዚህ በቦርሳው ላይ የሚጠለቅ ብርቱካናማ ሽፋን ግዙ። ውድ አይደለም። በተለይ ቀንድ ተሸክማችሁ ስትወጡ ቀንዱን በብርቱካናማ ጨርቅ ጠቅልሉት። ቁጥቋጦ መካከል ከሩቅ የሚንቀሳቀስ ቀንድ ምን እንደሚመስል ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

## ጨርቁስ? ጠመንጃውስ?

በቦርሳው ላይ "500 ዲ" የሚል ካያችሁ "ዲ" ዴኒር ማለት ነው። የክሩን ውፍረት ይለካል። 9,000 ሜትር የሚረዝም ክር 500 ግራም ከመዘነ 500 ዴኒር ይባላል። ቁጥሩ ሲጨምር ጨርቁ ይጠነክራል፣ ይከብዳልም። ኮርዱራ የሚባለው የናይለን ጨርቅ በ500 ዴኒር ለአደን በጣም የተለመደ ነው። ከዚያ የቀለሉ፣ ንብርብር ሆነው የተሠሩ ጨርቆችም አሉ። ውሃ በደንብ ይከላከላሉ፤ ቅርንጫፍ ሲነካቸው ግን ይንኮሻኮሻሉ። ለቀስት አዳኝ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቀስተኛ እንስሳውን በጣም ቀርቦ ነው የሚመታው። ሱቅ ውስጥ ጨርቁን በጥፍራችሁ ቧጥጡትና ድምፁን ስሙ። ዚፑንም ቀስ ብላችሁ ክፈቱት።

"ውሃ አያስገባም" የሚለውን ማስታወቂያ ሙሉ በሙሉ አትመኑ። ጨርቁ ባያስገባ ስፌቱና ዚፑ ያስገባሉ። የመኝታ ከረጢቱንና ደረቅ ልብሱን ውሃ በማያስገባ ከረጢት ለይታችሁ አስቀምጡ። በቱቦ የሚጠጣ የውሃ ከረጢት ከወደዳችሁ፣ በኦክቶበር ጠዋት ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሊሆን እንደሚችል እወቁ። አንድ ተራ የውሃ ጠርሙስ ይጨመር።

ጠመንጃ በትከሻ ላይ ከቦርሳ ማንገቻ ጋር ሲደረብ ይንሸራተታል። ለዚህ ብለው ብዙ የአደን ቦርሳዎች በጎን በኩል ጠመንጃ ወይም ቀስት የሚይዝ ማሰሪያ አላቸው። ሥጋ ተሸክማችሁ ስትወጡ ሁለት እጃችሁ ለምርኩዝ ነፃ ይሆናል። ጠመንጃው ቦርሳ ላይ ሲታሰር ጥይት ውስጡ መኖር የለበትም። አፈሙዙ ከኋላችሁ ወደሚመጣው ሰው እንዳያነጣጥርም አስተካክሉ።

## ስንት ብር አውጥቼ ልግዛ?

ሥጋ ለመሸከም የተሠሩ ባለ ፍሬም ቦርሳዎች በአብዛኛው ከ400 እስከ 800 ዶላር ይሸጣሉ። ሚስተሪ ራንችና ስቶን ግሌሸር በሞንታና ቦዝማን የተጀመሩ ናቸው። ኤክሶ ማውንቴን ጊር ከአይዳሆ ነው። ሲክ አውትሳይድ ደግሞ እዚያው ኮሎራዶ፣ ግራንድ ጀንክሽን ውስጥ ነው። ስማቸውን የጠቀስኩት ዋጋና አሠራር ለማነጻጸር እንዲመቻችሁ ነው። የጓደኛችሁን ጀርባ የተስማማ ቦርሳ የእናንተን ላይስማማ ይችላል።

ገንዘቡ ካጠረ ፍሬሙና ቀበቶው ላይ አትቆጥቡ። ከረጢቱ ይቆይ። አንዳንድ ኩባንያዎች ፍሬሙን ለብቻ ስለሚሸጡ ዘንድሮ ፍሬምና ትንሽ ከረጢት፣ ለከርሞ ትልቁን ከረጢት መግዛት ይቻላል። ያገለገለ መግዛትም አንድ መንገድ ነው። ያገለገለ ስታዩ ማንገቻው ከፍሬሙ የሚያያዝበትን ስፌት፣ የቀበቶውን ትራስና ዘለበቶቹን ፈትሹ። የቆሸሸ ጨርቅ ይታጠባል፤ የጎበጠ ፍሬም ግን አይቃናም። የደም እድፍ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቃል። ሙቅ ውሃ ያጠነክረዋል።

## ከመግዛቴ በፊት እንዴት ልሞክረው?

ባዶ ቦርሳ ሁሉ ይመቻል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ቢያንስ 20 ኪሎ እንዲጭኑላችሁ ጠይቁ። በኢንተርኔት ካዘዛችሁ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ እቤት ሞክሩት። ሁለት ከረጢት ሩዝ፣ ወይም በጨርቅ የተጠቀለለ የውሃ ጄሪካን የሥጋውን ቦታ ይተካል። በፍሬሙና በከረጢቱ መካከል አስገቡት፣ አጥብቁት፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ደረጃ ውጡና ውረዱ። ጎንበስ በሉ። ዕቃ ከመሬት አንሡ። ተቀምጣችሁ ከነሸክሙ ለመነሣት ሞክሩ።

ከሰዓቱ በኋላ ቆዳችሁን እዩ። ዳሌ ላይ ትንሽ መቅላት ይጠበቃል። ትከሻ ላይ ጥልቅ የማንገቻ መስመር ካለ ወይም ክንዳችሁ ከደነዘዘ ልኩ አልተስተካከለም። የማንገቻውን ቁመት ለውጣችሁ እንደገና ሞክሩ። ቀበቶው በየአሥር ደቂቃው ወደ ታች እየተንሸራተተ የምታጠብቁት ከሆነም ሌላ ቁጥር ወይም ሌላ ቅርጽ ያስፈልጋችኋል። ሁለት ሦስት ጊዜ አስተካክላችሁት ያው ከሆነ፣ ቦርሳውን ሳታቆሽሹት መልሱና ሌላ ሞክሩ።